ከቀለም በታች የቀረው ስንጥቅ፤ የተበየደ ብረትን ሳያፈርሱ የመመርመር ጥበብ አመጣጥ

አንድ የብየዳ ሥራ ጥሩ መሆኑን በእርግጥ ለማወቅ ከሁሉ የተሻለው ዘዴ ቆርጦ ማየት ነው። ነገር ግን የተቆረጠው ብየዳ ከዚያ ወዲያ ሸክም ሊሸከም አይችልም፤ ሳይቆረጥ በቦታው የቀረው ደግሞ እንደ ተቆረጠው ጥሩ ይሁን አይሁን አይታወቅም። በድልድይ፣ በፎቅ ቤት፣ በእንፋሎት ጋንና በመርከብ ሥራ የተሰማሩ መሐንዲሶች ከዚህ እንቆቅልሽ ለመውጣት ረጅም ዘመን ደክመዋል። የድካማቸውም ፍሬ ሳያፈርሱ መመርመር ተብሎ የሚጠራው የሙያ ዘርፍ ነው።

የዚህ ሙያ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንደ መሣሪያዎች ታሪክ ነው፤ ይኸውም መጀመሪያ ራጅ፣ ቀጥሎ ማግኔት፣ ከዚያም የድምፅ ሞገድ ተገኘ በሚል ቅደም ተከተል ነው። አነጋገሩ ስሕተት የለበትም። ሆኖም የታላላቅ አደጋዎች የምርመራ ውጤት ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ሌላ ነገር ይገለጣል። ስንጥቁን ሊያገኝ የሚችል መሣሪያ በእጅ ባለበት ዘመን ስንጥቁን በቦታው የፈለገ ሰው ሳይኖር ቀርቷል። የእጅ ሙያ ትምህርትን ለሚያቅዱና ለሚያስተምሩ ሁሉ ይህ የታሪኩ ክፍል ከመሣሪያው ክፍል ይልቅ ሊጤን የሚገባው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሪቬት፣ መዶሻና ጆሮ

ብየዳ ከመስፋፋቱ በፊት የድልድይና የመርከብ ብረቶች የሚያያዙት በሪቬት ነበር። ተቆጣጣሪው ሪቬቱን በትንሽ መዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የላላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ዘዴው ቀላል ቢሆንም ለዘመኑ ሥራ ይበቃ ነበር። ለዚህም ዋናው ምክንያት የሪቬት ሥራ በጠባዩ ይቅር ባይ መሆኑ ነው። አንዱ የብረት ሰሌዳ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ የሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ወደሚቀጥለው ሰሌዳ የሚሻገርበት መንገድ የለውም።

ብየዳ ይህን ሁሉ ለወጠው። ሥራው ፈጠነ፤ ክብደቱ ቀለለ፤ ወጪውም ቀነሰ። በአንጻሩ መርከቡ ወይም ድልድዩ በሙሉ አንድ ወጥ ብረት ስለ ሆነ፣ በአንድ ቦታ የጀመረ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር የሚሮጥበት ጎዳና አገኘ። በተጨማሪም ችግሩ ከውጭ የማይታይ ሆነ። ላዩ ያማረ ብየዳ በውስጡ የአየር ቀዳዳ፣ በያጁ በመዶሻ አራግፎ ያልጨረሰው ስላግ፣ ከዋናው ብረት ጋር ሳይዋሐድ የቀረ ክፍል ወይም ከሁሉ የከፋው ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ለመዶሻና ለጆሮ እነዚህ ሁሉ የተሰወሩ ናቸው።

ከብየዳው ዘመን አስቀድሞ ከባቡር ጥገና ቤቶች የተወረሰ አንድ ዘዴ ግን ነበር፤ በርካሽነቱም ዛሬ ሊታወስ ይገባዋል። የባቡሩ የጎማ ዘንግ በዘይት ከተነከረ በኋላ በሚገባ ይወለወልና በጠመኔ ውሃ ይቀባል። በስንጥቁ ውስጥ ተደብቆ የቀረው ዘይት ቀስ በቀስ ወጥቶ ነጩን ጠመኔ ያጠቁረዋል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሮበርት ስዊትዘር በልዩ መብራት ሥር የሚያበራ ቀለም በፈሳሹ ላይ በመጨመር ዘዴውን አሻሻለው። መሠረተ ሐሳቡ ግን ያው የዘይትና የጠመኔው ነው።

ራጅና ጋማ ጨረር

ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን በቩርዝቡርግ ከተማ ያገኘው በኅዳር ወር 1895 ነው። የእጅ አጥንት ሥዕል በዓለም ዙሪያ ዝናን አተረፈ፤ ሐኪሞችም ወዲያው በሥራ ላይ አዋሉት። ብዙዎች ልብ የማይሉት ግን ሮንትገን በመጀመሪያው ጽሑፉ ውስጥ የአንድ ቁራጭ ብረት ወጥ አለመሆን በጨረሩ እንደ ታየ መጥቀሱን ነው። ይህም ሲባል የብረት ምርመራ ከሕክምናው ጋር በአንድ ጊዜ ተፀንሷል ማለት ነው። የዘገየው መወለዱ ነው። የዚያን ጊዜ የጨረር ቱቦዎች ደካማና ጠባያቸው የማይጨበጥ ስለ ነበሩ ወፍራም ብረትን ዘልቀው ሊያሳዩ አልቻሉም። በ1913 ዊልያም ኩሊጅ በጋለ ሽቦ የሚሠራና የሚታዘዝ ቱቦ እስኪሠራ ድረስ ነገሩ በዚሁ ቆየ።

በ1922 ሆራስ ሌስተር በማሳቹሴትስ በሚገኘው የዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በ200,000 ቮልት የሚሠራ ቱቦ አቁሞ የብረት ሥራዎችን በስልት መመርመር ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ1931፣ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የእንፋሎት ጋን ደንብ በብየዳ የተሠሩ ጋኖችን ብየዳቸው በራጅ ከተመረመረ እንዲቀበል ተደረገ። ይህ ውሳኔ ከማናቸውም መሣሪያ መፈልሰፍ የማያንስ ግምት ሊሰጠው ይገባል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ መሐንዲሶች ለታላቅ ግፊት የሚሠራ ጋን በብየዳ እንዲሠራ አይፈቅዱም ነበር፤ ምክንያቱም ውስጡን ማየት አይቻልም። ማየት ሲቻል እምነቱም ተከተለ። በ1930ዎቹ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ለተሠራው የሁቨር ግድብ የውኃ መውረጃ ቧንቧዎች፣ የትልልቆቹ ስፋት 9 ሜትር ያህል የነበረው፣ በግድቡ አጠገብ በተቋቋመ ፋብሪካ ተበይደው በራጅ ተመርምረዋል።

ከ1930 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ሮበርት ሜልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የባሕር ኃይል ላቦራቶሪ ራዲየም በሚያወጣው ጋማ ጨረር የጦር መርከቦችን ወፍራም ብረት መረመሩ። ጋማ ጨረር ኤሌክትሪክም ሆነ ከባድ ማሽን አይፈልግም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአቶሚክ ማብላያ የሚሠሩት ኮባልት 60ና ኢሪዲየም 192 የውዱን ራዲየም ቦታ ያዙ። የኢሪዲየም ኃይል በ74 ቀን ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ሆኖም ምንጩ ከጣት ጫፍ የማይበልጥ በመሆኑ በጠባብ ቧንቧ ውስጥም ሊገባ ይችላል። ይህ ትንሽነቱ ያስከተለው መዘዝ ወደ ኋላ ይነሣል።

የጨረር ሥዕል ትልቅ ጥቅም ቋሚ ማስረጃ መሆኑ ነው፤ ፊልሙ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ድክመቱን ለመረዳት በቢላዋ የተሰነጠቀ ዳቦን ማሰብ ይበቃል። በስንጥቁ አቅጣጫ የተመለከተ ሰው ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ ያያል፤ ከጎን የተመለከተ ግን ዳቦው ያልተነካ ይመስለዋል። ጨረሩም እንዲሁ ነው። የአየር ቀዳዳንና ስላግን ጥሩ አድርጎ ሲያሳይ፣ ከጨረሩ አቅጣጫ ጋር ያልገጠመን ቀጭን ስንጥቅ ሊስተው ይችላል። ከሁሉ የከፋው እንከን በዚህ ዘዴ ከሁሉ ይልቅ ለመሰወር የተመቸ መሆኑ ነው።

የብረት ብናኝ

ማግኔትን ከወረቀት በታች አድርጎ የብረት ብናኝ በላዩ መነስነስ በየትምህርት ቤቱ የሚታወቅ ሙከራ ነው። የብረት ምርመራው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሳክስቢ የተባለ እንግሊዛዊ በ1868 በመድፍ አፈሙዝ ላይ ኮምፓስ እያንቀሳቀሰ መርፌው በሚያመነታበት ቦታ እንከን መኖሩን አመልክቶ ነበር። በ1920ዎቹ ደግሞ ዊልያም ሆክ የተባለ አሜሪካዊ በማግኔት ተይዘው ከሚሳሉ ጠንካራ ብረቶች የሚወጣው ብናኝ በአንዳንድ ቦታ በመስመር ሲሰበሰብ አስተዋለ፤ መስመሩም የስንጥቅ መስመር ሆኖ ተገኘ። አልፍሬድ ደ ፎረስት ይህን አስተውሎት ወደ ሥራ ዘዴ ለወጠው፤ በ1930ዎቹም በፋብሪካዎች ተስፋፋ። የማግኔቱ መስመር ስንጥቁ ዘንድ ሲደርስ ከብረቱ ወደ ውጭ ስለሚፈስ ብናኙ በዚያ ይጣበቃል። ከላይ ለተከፈተ ወይም ለላዩ ለቀረበ ስንጥቅ ከዚህ የፈጠነ ዘዴ እምብዛም አይገኝም። ጥልቁን ግን አያይም።

የተሰበሩት መርከቦችና የድምፅ ሞገድ

በቤልጅግ አገር በአልበርት ቦይ ላይ በሐሰልት ከተማ የተሠራው በብየዳ የተያያዘ ድልድይ መጋቢት 14 ቀን 1938 ተሰብሮ ወደቀ፤ ከተከፈተ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሆኖት ነበር። በጥር ወር 1940 በዚያው አገር ሌሎች ሁለት ድልድዮች በብርድ ተሰነጠቁ። ወዲያው ጦርነቱ ስለ መጣ የብዙዎች ትኩረት ከዚህ ተነሣ።

ጦርነቱ ራሱ ግን ጥያቄውን በብዙ እጥፍ አድርጎ መለሰው። ጥር 16 ቀን 1943 በፖርትላንድ ወደብ ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ፣ ማዕበል በሌለበት ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ታስራ ሳለች፣ በታላቅ ድምፅ ከመካከሏ ለሁለት ተሰበረች። ከጦርነቱ በኋላ የወጣው የአሜሪካ መንግሥት የምርመራ ቦርድ ዘገባ እንዳስረዳው፣ ከታዩት 4,694 የተበየዱ የንግድ መርከቦች መካከል 970ዎቹ ልዩ ልዩ ስብራት ደርሶባቸዋል። በካምብሪጅ ኮንስታንስ ቲፐር ያካሄደችው ጥናት ደግሞ ያ ዓይነቱ ብረት ከአንድ የተወሰነ ቅዝቃዜ በታች ሲወርድ መለመጡን ትቶ እንደ ሸክላ እንደሚሰበር አሳየ። ስለሆነም ጥፋቱ የበያጆች ብቻ አልነበረም። የብረቱ ዓይነት፣ የመርከቡ የጭነት አፍ ሹል ማዕዘንና የብየዳው እንከን ሦስቱ ተባብረዋል። እንከኑ ግን የስንጥቁ መነሻ ነበር።

በዚሁ ጊዜ በምሥጢር የሚሠራ ሌላ ሥራ ነበር። ሰርጌ ሶኮሎቭ በሌኒንግራድ ከ1928 ጀምሮ ከጆሮ የመስማት ኃይል በላይ የሆነ ድምፅ በብረት ውስጥ አሳልፎ እንከን መፈለግ እንደሚቻል አስረድቶ ነበር። የሚሽገን ዩኒቨርስቲው ፍሎይድ ፋየርስቶን በ1940 ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በ1942 ተሰጠው። በእንግሊዝ ደግሞ ዶናልድ ስፕሩል በ1942 ተመሳሳይ መሣሪያ ሠራ። አሠራሩ የገደል ማሚቶ ነው። አጭር የድምፅ ምት ወደ ብረቱ ይላካል፤ እንከን ካገኘ ይመለሳል፤ ካላገኘም ከብረቱ ማዶ ፊት ይመለሳል። በሕክምና አልትራሳውንድ ተብሎ የታወቀው መሣሪያ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ድምፅ በብረት ውስጥ በሴኮንድ 5,900 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 50 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ሰሌዳ ደርሶ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ 17 ገደማ ነው። ይህን የጊዜ ልዩነት በመስታወት ላይ ማሳየት የተቻለው በዘመኑ የኤሌክትሮኒክስ ጥበብ በመራቀቁ ነው።

የድምፁ ዘዴ ራጁ የሚስተውን ቀጭን ስንጥቅ፣ አቅጣጫው ከተገጠመለት፣ በጥሩ ሁኔታ ያገኘዋል። ለጤናም አያሰጋም። ነገር ግን የሚታየው ሥዕል ሳይሆን በመስታወት ላይ ብቅ የሚል የብርሃን ጫፍ ነበርና፣ ትርጉሙን የሚሰጠው መርማሪው ራሱ ነው። የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ይህን ዘዴ በሕንፃና በድልድይ ደንቦቹ ውስጥ ያስገባው በ1969 ነው።

ሁለት አደጋዎች፤ አንድ ምስክር

ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ሁለት አደጋዎች የደረሱት ራጅም፣ ማግኔትም፣ የድምፅ ሞገድም ታውቀው ሳለ ነው።

በአውስትራልያ የሜልቦርን ከተማ የኪንግ ስትሪት ድልድይ በ1961 ለትራፊክ ተከፈተ። ሐምሌ 10 ቀን 1962 በቀዝቃዛ ጧት 45 ቶን ያህል የሚመዝን የጭነት መኪና ሲሻገር ከአንዱ ክፍል በታች ያሉት ተሸካሚ ብረቶች ተሰበሩ። ከሥሩ የነበሩት ግድግዳዎች ስለ ደገፉት ፈጽሞ አልወደቀም፤ የሞተም ሰው አልነበረም። ተሸካሚዎቹን ለማጠንከር ከግርጌያቸው ተጨማሪ ሰሌዳ ተበይዶ ነበር፤ ስንጥቆቹ የተነሡትም በእነዚህ ሰሌዳዎች ጫፍ ላይ ካለው አጭር አግዳሚ ብየዳ ሥር ነው። ብረቱ ከፍ ያለ ጥንካሬ ያለው ስለ ነበር ለብየዳ አስቸጋሪ ነበር። ስብራቱ ሲመረመር በአንዳንዶቹ ስንጥቆች ውስጥ የመጀመሪያው ቅብ ቀለም ተገኘ። ስለዚህ ስንጥቆቹ ብረቱ ከፋብሪካ ሳይወጣ፣ ቀለም ቀቢው ብሩሹን ሳያነሣ አስቀድሞ ነበሩ ማለት ነው።

ሁለተኛው አደጋ የሰው ሕይወት ያጠፋ ነው። በፈረንሳይ አገር ተሠርታ በ1976 የተረከበችው አሌክሳንደር ሺላንድ የተባለች ባለ አምስት እግር ተንሳፋፊ መድረክ በሰሜን ባሕር በኤኮፊስክ የነዳጅ መስክ ለሠራተኞች ማደሪያ ታገለግል ነበር። መጋቢት 27 ቀን 1980 ምሽት በማዕበል ውስጥ ሳለች አንዱ ወጋግራዋ ተሰበረ፤ ቀጥሎም ሌሎቹ ተሰበሩና አንድ እግሯ ተገነጠለ። ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተገለበጠች። በላይዋ ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ።

የኖርዌይ የምርመራ ኮሚሽን የስብራቱን መነሻ ያገኘው በዋናው ብየዳ ላይ አልነበረም። ሃይድሮፎን የተባለ የውኃ ውስጥ ድምፅ መቀበያ መሣሪያ ለማስቀመጥ በወጋግራው ላይ አንድ ትንሽ መያዣ ተበይዶ ነበር። የብየዳው መጠን 6 ሚሊሜትር ነው። መያዣው ምንም ሸክም ስለማይሸከም እንደ ጌጥ ተቆጠረ እንጂ እንደ መዋቅሩ አካል አልታየም። ይሁን እንጂ የተበየደበት ወጋግራ የመዋቅሩ ዋና አካል ነው፤ ማዕበሉም በየጊዜው ሲያጎብጠውና ሲያቃናው ከትንሹ ብየዳ የተነሣው ስንጥቅ በድካም እያደገ ሄደ። በስንጥቁ ፊት ላይ ቀለም ተገኘ። ከሜልቦርን 18 ዓመት በኋላ፣ በሌላ ባሕርና በሌላ ሥራ፣ ያው ምስክር ነው።

በሁለቱም ቦታ የተረሱት ብየዳዎች ትንንሾች ነበሩ፤ ትኩረቱ ሁሉ ሥዕሉ ላይ በወፍራም መስመር ለተመለከቱት ሄዶ ነበር። ቀለም ከመቀባቱ በፊት በዘይትና ጠመኔ ወይም በብረት ብናኝ ቢታዩ ኖሮ የመገኘት ዕድል ይኖራቸው ነበር። ከዚህ ላይ አንድ የሥራ ነጥብ መጨመር ይገባል። እርጥበት ካለው ኤሌክትሮድ የሚገባ ሃይድሮጅን በጠንካራ ብረት ውስጥ ስንጥቅ የሚያመጣው ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአሜሪካ የብየዳ ደንብ ለአንዳንድ ከፍተኛ ጥንካሬ ላላቸው ብረቶች የመቀበያ ምርመራው ብየዳው ካለቀ ከ48 ሰዓት በፊት እንዳይደረግ ያዛል።

የመርማሪው ዓይን

ምርመራ ተደረገ ማለት እንከን የለም ማለት እንዳልሆነ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ጥር 17 ቀን 1994 የደረሰው የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ አሳይቷል። ከመቶ በሚበልጡ ባለ ብረት ሕንፃዎች ዓምድና አግዳሚ የሚገናኙባቸው ብየዳዎች ተሰንጥቀው ተገኙ። አንዱም ሕንፃ አልወደቀም፤ ግን ብረቱ እንዲለመጥ ታስቦ ሳለ ተሰብሮ ነበር። ከእነዚህ ብየዳዎች ብዙዎቹ በሚሠሩበት ጊዜ በድምፅ ሞገድ ተመርምረው ያለፉ ነበሩ። ከብየዳው ሥር ተትቶ የቀረው ደጋፊ የብረት ቁራጭ ራሱ ማሚቶ ስለሚሰጥ የእንከኑን ማሚቶ ከእርሱ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ኋላም በተደረገው ጥናት በመንቀጥቀጡ የመጡ ተብለው ከተመዘገቡት የብየዳ ሥር ጉዳቶች ከፊሎቹ ሕንፃው ሲሠራ ጀምሮ የነበሩ እንከኖች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ታመነ። አንዱ መርማሪ ያላየውን ሌላው መርማሪ አዲስ ነው ብሎ ጻፈው።

በዚህ ዓይነቱ ልምድ የተነሣ ሙያው ከመሣሪያው ወደ ሰውየው ዞረ። በ1992 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ አይ ኤስ ኦ 9712፣ መርማሪዎችን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። የመጀመሪያው በትእዛዝ ይሠራል፤ ሁለተኛው መሣሪያውን አስተካክሎ ውጤቱን ይተረጉማል፤ ሦስተኛው የአሠራር ዘዴውን ይነድፋል። ፈተናው በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን እንከናቸው በታወቀ የብረት ቁራጮች ላይ በእጅ የሚደረግ ነው፤ የመርማሪው የቅርብ እይታና ቀለምን የመለየት ችሎታም ይፈተሻል። በየዘዴው የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። በራጅ የተካነ ሰው በድምፅ ሞገድ እንደ ጀማሪ ይቆጠራል።

የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅትም ለዚሁ ሙያ የሥልጠና መርሐ ግብር አዘጋጅቶ አሰራጭቷል፤ ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት የአፍሪካ የኑክሌር ሳይንስ የትብብር ስምምነት በኩልም በአህጉሩ ሥልጠና ተሰጥቷል። ሥልጠናውን የሚያቅድ ሰው የዘዴዎቹን ቅደም ተከተል ሲወስን ግን የሞሮኮን ጉዳይ ሊያስታውስ ይገባዋል። በ1984 በሞሐመዲያ ከተማ በሚሠራ የኃይል ማመንጫ ብየዳ ለመመርመር ያገለግል የነበረ የኢሪዲየም 192 ምንጭ ከመያዣው ወድቆ ቀረ። አንድ ሠራተኛ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ብረት መስሎት አንሥቶ ወደ ቤቱ ወሰደው። ስምንት ሰዎች ሞቱ። ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ ምንጩ ወደ መያዣው መመለሱን በጨረር መለኪያ ማረጋገጥ ከጥቂት ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው፤ ይህን የማያደርግ ሰው ጋማ ጨረር በእጁ ሊሰጠው አይገባም።

ስለሆነም የቴክኒክ ትምህርት ቤት አቅሙ ውሱን ከሆነ ከጨረር መጀመር የለበትም። የሚቀድመው ዓይን ነው፤ እርሱም ጥሩ ብርሃን፣ የብረት ብሩሽ፣ ማጉያ መነጽርና የብየዳ መለኪያ ይዞ። ቀጥሎ ዘይትና ጠመኔ፣ ከዚያም ማግኔትና ብናኝ ይመጣሉ። ለመማሪያ የሚሆነውንም ብረት የበያጅነት ተማሪዎች ራሳቸው ሊያዘጋጁት ይችላሉ። አንዱ ቡድን ስላግ ሳያራግፍ፣ ሥሩን ሳያዋሕድ ወይም በእርጥብ ኤሌክትሮድ ሆን ብሎ አበላሽቶ ይበይዳል፤ እንከኑ የተደረገበትን ቦታ መምህሩ ብቻ ይመዘግባል። ሌላው ቡድን ይመረምራል። በመጨረሻም ብየዳው በመጋዝ ተቆርጦ የምርመራው ወረቀት ከተቆረጠው ብረት ጋር ጎን ለጎን ይታያል።